ኮምፒውተራችሁን ወደ ሰፊ ኬዝ እንዴት ታዛውራላችሁ

ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች የኮምፒውተር ዋና ጠላት አቧራ ነው። ቱሉ ዲምቱ በሉት፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ፣ ሁሉም ጋ ግንባታ አለ። ያልተነጠፈ መንገድ አለ። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲያልፍ ሲያገድም ይውላል። ጥቅምት ገብቶ መሬቱ ሲደርቅ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ በጣት ያስጽፋል። ይሄ አቧራ ጠባብ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚገጠሙበት ሳጥን) ውስጥ ሲገባ ሙቀት በሚያስወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ፣ ጥርሶች መሃል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ከዚያ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል።

ሰፊ ኬዝ የሚያስፈልገን ሌላው ምክንያት ከፍታችን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አየራችን ቀዝቃዛ መሆኑ የተወሰነውን ያካክሳል፤ በጠባብ ኬዝ ውስጥ ግን አያዋጣም። ስለዚህ ለእኛ ሰፊ ኬዝ ለጌጥ የሚገዛ ነገር አይደለም። ትልልቅ ፋን፣ ማጣሪያና አየር የሚያልፍበት ቦታ ይሰጠናል። ሥራው ደግሞ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቸኩሎ የሚጨርሰው ሰው ግን መልሶ ይፈታዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ማዘርቦርዳችሁን፣ ማለትም ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ ለኩ። መጠኖቹ ስም አላቸው፤ ሙሉው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ነው። ለትልቁ የተሠራ ኬዝ ትንንሾቹንም ይቀበላል። ምስሉን ወደ ሞኒተር የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ርዝመትና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን ቁመትም ለኩና ጻፉት። ኬዙ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚቀበል ካርቶኑ ላይ ወይም መግለጫው ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የገቡ የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ማሽኖች ናቸው። ጠንካራ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሞዴሎች የፓወር መሰኪያቸው የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም። የማብሪያ ቁልፋቸው ሽቦም የራሳቸው ዓይነት ነው። ማዘርቦርዱ ራሱ ተራ ኬዝ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር የማይገጥምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ዓይነት ማሽን ካላችሁ መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ፣ የፓወር ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገባበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። ፎቶውን ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ ገንዘብ አታውጡ።

ኬዝ ስትመርጡ ፊቱን ተመልከቱ። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ውሰዱ። ፊቱ በብርጭቆ የተደፈነ፣ ውስጡ በመብራት ያሸበረቀ ኬዝ ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ቤት ሲገባ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ለመብራቱ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለተጨማሪ ፋን ብታውሉት ይሻላል። ማጣሪያው በእጅ ተጎትቶ የሚወጣ መሆኑንም እዚያው ሞክሩ። መርካቶም ሆነ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከገዛችሁ ካርቶኑ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁና ብሎኖቹ ያሉበትን ትንሽ ፌስታል በዓይናችሁ እዩ። በቴሌግራም ያገለገለ ኬዝ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንኑ ፌስታል ነው። ቆርቆሮ አይበላሽም። የጠፋ ብሎን መፈለግ ግን ያንከራትታል።

ጎኑ ብርጭቆ ከሆነ በባጃጅ ወደ ሰፈር ስትገቡ ብርጭቆውን አውልቃችሁ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉት። ኮብልስቶን አይምርም።

ዕቃና ዝግጅት

ጫፉ መስቀል የሆነ ጥሩ ካቻቢቴ፣ ቢቻል ጫፉ ማግኔት ያለው። ፒንሳ። ንጹሕና ደረቅ የቀለም ብሩሽ። ፕላስተርና እስክሪብቶ። ሦስት አራት ሲኒ፤ ብሎኖቹን በየዓይነታቸው ለይታችሁ የምታስቀምጡበት ነው። በድሪል ብሎን የሚያጠብቁ ልጆች አይቻለሁ፤ ማዘርቦርድ ላይ ይሄ አይደረግም። የእጅ ካቻቢቴ መጥበቁን በእጃችሁ ያሳውቃችኋል፣ ድሪል አያሳውቅም።

ጠዋት ጀምሩ። መብራት ቢሄድ እንኳ በመስኮት ብርሃን መቀጠል ትችላላችሁ።

ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዊንዶውሳችሁ ላይ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። የማዘርቦርዱን ባትሪ ብታወጡ ወይም ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቅንብሩን ቢረሳ፣ ማሽኑ ሲነሳ ያንን ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ዊንዶውስ እንደገና መጫን ግን አያስፈልግም። ማዘርቦርዱም ዲስኩም ያው ናቸው፣ የተለወጠው ቤታቸው ብቻ ነው።

ከዚያ ፎቶ። ከላይ፣ ከጎን፣ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን እያንዳንዱን ገመድ ጠጋ ብላችሁ። ከማብሪያ ቁልፉ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች የተሰኩበትን ጥግ ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ አንሱት።

መፍታት

ማሽኑን አጥፉ፣ ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰውነታችን በቀላሉ ስታቲክ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሹራብ አውልቁ፣ ምንጣፍ ላይ አትቁሙ፣ ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ።

ግራፊክስ ካርዱ ይቅደም። ከኋላ ብሎኑን ፍቱ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ ተጫኑ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ኬብል ስትነቅሉ ጭንቅላቱን እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ዲስኮቹን አውጡ፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ አውጡ፣ በመጨረሻ የማዘርቦርዱን ብሎኖች ፍቱ።

ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አትንኩ። ማቀዝቀዣው በጣም ትልቅ ካልሆነ በቀር እንዳለ ከማዘርቦርዱ ጋር ይወጣል። የግድ ማውለቅ ካለባችሁ፣ በተለይ ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ላይ የሚቀመጥ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ከሆነ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ማሽኑን አሥር ደቂቃ ያህል አሠሩትና ይሙቅ። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። በቀዝቃዛው ቀጥ አድርጎ የሚስብ ሰው ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ከሶኬቱ ነቅሎ ሊያወጣው ይችላል። ማቀዝቀዣው አንዴ ከተነሳ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለውን የድሮውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስቱን፣ በአልኮል ጠርጋችሁ አዲስ መቀባት ግዴታ ነው።

ማጽዳቱን ሰገነት ላይ ወይም ደጅ ሥሩ። በደረቅ ብሩሽ ብቻ። በአፍ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ ይረጫል። በነፊ ማሽን የምታጸዱ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ አለልክ ሲሽከረከር መዘውሩ ይጎዳል።

ከማዘርቦርዱ ሥር ያሉት የነሐስ እግሮች

አሁን የምናገረው የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። ሰፈር ውስጥ «ኬዝ ቀይሬ አልነሳ አለኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ ማሽን ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው።

ማዘርቦርድ በቀጥታ ቆርቆሮ ላይ አይቀመጥም። ጀርባው በሙሉ በትንንሽ የብየዳ ነጥቦች የተሞላ ነው። እነዚህ ነጥቦች ብረት ከነኩ ኮንታክት ይፈጠራል። ስለዚህ ስታንዶፍ የሚባሉ ቢጫ የነሐስ እግሮች ኬዙ ላይ ይጠብቃሉ፣ ማዘርቦርዱ በእነሱ ላይ ያርፋል። ትልቅ ኬዝ የሦስቱንም መጠኖች ማዘርቦርድ ስለሚቀበል የእግር ቀዳዳዎቹም ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ሲመጣ ለሙሉ ኤቲኤክስ የሚሆኑት እግሮች ቀድመው ተገጥመዋል። የእናንተ ማይክሮ ኤቲኤክስ ከሆነ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ከማዘርቦርዱ ሥር ይቀራሉ። አደጋው ያ ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ያመጣልኝን ልንገራችሁ። ቁልፉን ሲጫነው ፋኑ ሩብ ዙር ዞር ይልና ይቆማል። እንደገና ሲጫነው ያው ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል ብሎ ሌላ ገዝቷል። ማዘርቦርዱን አንስተን ስናይ አንዲት የነሐስ እግር ከራም መሰኪያው ጀርባ ቆማለች፤ ጫፏ ከነካችው ቦታ ላይ ክብ ምልክት ትታለች። እግሯን በፒንሳ አወጣናት፣ ማሽኑም ተነሳ። አልተቃጠለበትም። ፓወር ሰፕላይ አጭር ዙር ሲያይ ራሱን ስለሚያጠፋ ነው የተረፈው፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ይሄ መከላከያ እንዳለ አትተማመኑ።

እንዲህ አድርጉ። ከማዘርቦርዱ የሚሰፋ ወረቀት ውሰዱ። ማዘርቦርዱን ካርቶን ላይ አስቀምጡ፣ ወረቀቱን ከጎኑ አስቀምጣችሁ የማዘርቦርዱን ጠርዝ በልኩ አስምሩበት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንም ቦታ በማስመሪያ እየለካችሁ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወረቀቱን ምልክቶቹ ላይ በስታችሁ ኬዙ ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ በሚያርፍበት ቦታ ዘርጉት። ቀዳዳ ባለበት ሁሉ እግር መኖር አለበት። ቀዳዳ በሌለበት ያለውን እግር ሁሉ አውጡ። «ይሄማ ጥግ ላይ ነው፣ አይነካም» አትበሉ። አውጡት። ከዚያ ቁጠሩ። ሙሉ ኤቲኤክስ አብዛኛውን ጊዜ 9 ቀዳዳ አለው። የእግሩ ብዛትና የቀዳዳው ብዛት እኩል ካልሆነ አትቀጥሉ። አንዳንድ ኬዝ መሃል ላይ አናቱ የሾለ አንድ እግር አለው፤ እሱ ብሎን አይገባበትም፣ ማዘርቦርዱን ቦታ ለማስያዝ ነው፣ እሱን አታውጡት።

እግሮቹን በጣት ካስገባችሁ በኋላ በፒንሳ ትንሽ አጥብቋቸው። ካላጠበቃችኋቸው ሌላ ጊዜ ብሎኑን ስትፈቱ እግሩ አብሮ ይዞርና ማዘርቦርዱ ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ብሎኖቹንም ማዘርቦርዱ ሳይገባ በፊት እያንዳንዱ እግር ላይ በጣት ሞክሩ። ኬዝ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥርስ ያለው ብሎን ይመጣል፣ አንዱ ጥርሱ ረቂቅ፣ አንዱ ሰፋ ያለ። የማይገጥመውን በጉልበት ካስገባችሁት የእግሩን ጥርስ ይበላዋል።

ማዘርቦርዱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣውን የኋላ ቆርቆሮ፣ ዩኤስቢና ኔትወርክ የሚወጣበትን፣ ከድሮው ኬዝ ነቅላችሁ አዲሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍታችሁ አስገቡ። ቀጭን ስለሆነ እጅ ይቆርጣል። ማዘርቦርዱ ሲገባ የቆርቆሮው ምላሶች ከመሰኪያዎቹ በላይ እንዲሆኑ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አንዷ ምላስ ኔትወርክ ቀዳዳው ውስጥ ታጥፋ ከገባች ኬብሉ አልገባም ይላል።

ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከዚያ በሰያፍ እያቀያየራችሁ አጥብቁ። ጠበቅ ሲል በቃ። በመጨረሻ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በጎን በኩል ከማዘርቦርዱ ሥር አጮልቃችሁ እዩ። ብሎን ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩና የማይደርሰው ገመድ

በትልልቅ ኬዞች ፓወር ሰፕላዩ ታች ነው የሚቀመጠው። የፕሮሰሰሩ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይኛው ጥግ ላይ ነው የሚሰካው። ለትንሽ ኬዝ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ይሄ ገመዱ አጭር ነው፣ በማዘርቦርዱ ጀርባ ዞሮ አይደርስም። ሜትር አውጥታችሁ ቀድማችሁ ለኩት። ካልደረሰ ማስረዘሚያ ኬብል ይሸጣል። በግራፊክስ ካርዱ ላይ አሻግሮ መወጠር መፍትሔ አይደለም።

ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ደግሞ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ፈጽሞ አትሰኩበት። መሰኪያው ቢገጥም እንኳ የሽቦው አቀማመጥ ከአምራች አምራች ይለያያል። ዲስክ በአንዴ ሊሞት ይችላል።

የኬዙ ሥር ማጣሪያ ካለው የፓወር ሰፕላዩን ፋን ወደ ታች አዙሩት።

ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች

የማብሪያ ቁልፉ፣ የሪሴቱ፣ የመብራቶቹ ሽቦ ሁሉንም ሰው ያስጨንቃል፤ የሚያስፈራ ግን አይደለም። አብዛኛው ማዘርቦርድ ከታች በቀኝ ጥግ በኩል ባለሁለት ረድፍ 9 ፒን አለው። ከአንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ አንድ ፒን ይጎድላል። የጎደለው ባለበት ረድፍ፣ ከባዶው ቦታ ቀጥለው ያሉት ሁለት ፒኖች የማብሪያ ቁልፉ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የፓወር መብራቱ። በሌላኛው ረድፍ ከማብሪያው ትይዩ ሪሴት፣ ከዚያ የዲስክ መብራት። የእናንተ ሊለይ ስለሚችል ማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ። ቁልፎቹ ቢገለበጡ ለውጥ የላቸውም። መብራቶቹ ከተገለበጡ አይበሩም፣ አይቃጠሉም፤ ገልብጣችሁ ስኩ።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው የፊት ዩኤስቢ 3 ወፍራም መሰኪያ ነው። ፒኖቹ ረቂቅ ናቸው፣ ትንሽ አዝምሞ የገፋ ሰው ያጣጥፋቸዋል። ጥርሱን ከክፍተቱ ጋር አስተካክላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ።

ፋን፣ ካርድ፣ ሙከራ

የፋኑ አየር የሚወጣው ክንፉን የሚደግፉት የፕላስቲክ እጆች ባሉበት በኩል ነው። ከፊት ያሉት ወደ ውስጥ፣ ከኋላ ያለው ወደ ውጭ። ለእኛ አካባቢ የማምንበት ነገር አንድ ነው፦ የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ይብለጡ። ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ያኔ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ስለሚገፋ በየስንጥቁ ይወጣል እንጂ አቧራ በየስንጥቁ አይገባም። የሚገባው ሁሉ በማጣሪያው በኩል ይሆናል። ከኋላ ያሉትን ያልተጠቀማችሁባቸውን የካርድ ቀዳዳዎች ክፍት አትተዉ። የፕሮሰሰሩን ፋን ሲፒዩ ፋን የሚል ጽሑፍ ያለበት ፒን ላይ ስኩ። ሌላ ቦታ ከተሰካ ብዙ ማዘርቦርድ ፋን የለም ብሎ አልነሳም ይላል።

ዲስኮቹን መልሱ። ግራፊክስ ካርዱን በመጨረሻ አስገቡ፣ መቆለፊያው ቀጭ ሲል ትሰማላችሁ። የሞኒተሩን ኬብል ካርዱ ላይ ስኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ስክሪኑ ጠፋ» የሚል ብዙ ነው።

ጎኑን ሳትዘጉ አብሩት። ፋኖቹ ሁሉ ይዞራሉ? ባዮስ ዲስኮቹን ያያል? ከፊት ወንፊቱ ላይ ቁራጭ ሶፍት አስጠጉ፣ ከተለጠፈ ፋኑ እያስገባ ነው። ምንም ካልተነሳ ባለ 24 ፒኑንና የፕሮሰሰሩን ገመድ እንደገና ግፉ፣ ራሙን አውጥታችሁ መልሱ። ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ቀይሩ። መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ ወይም ስፒናውን እየነቀላችሁ ስታድሩ ይቺ ባትሪ ቶሎ ታልቃለች። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ።

ኬዙን ስትነኩት ነዘር ነዘር የሚያደርግ ስሜት ከተሰማችሁ የሶኬታችሁ ኧርዝ አልተገናኘም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው የማጣሪያ ክፍል ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያፈሳል፤ ኧርዝ ሲኖር ወደ መሬት ይሄዳል፣ ሳይኖር እናንተን ይጠብቃል። ባለ ሦስት እግሩን ስፒና በባለ ሁለት እግር አስማሚ መሰካት ይሄን ያመጣል። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ የኧርዙን መስመር አስፈትሹ። ይሄ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለፍሪጁም ለልጆቹም የሚጠቅም ነው።

ሁሉም ደህና ከሆነ ኬብሎቹን በማዘርቦርዱ ጀርባ አሳልፋችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩና ዝጉ። ኬዙን ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ቤት በተጠረገ ቁጥር አቧራውን የሚስበው እሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ወይም ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ከኋላው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። የተረፉትን የነሐስ እግሮችና ብሎኖች በፌስታል አድርጋችሁ ኬዙ ውስጥ፣ ታች ባለው ባዶ ቦታ በፕላስተር ለጥፏቸው።

በበጋ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ አራግፉ። በጣም ከቆሸሸ በውሃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ። ርጥብ እያለ ከመለሳችሁት የሚመጣው አቧራ ወንፊቱ ላይ ጭቃ ይሆንና ይደፍነዋል።